የዳማው ፈረስና ቀዩ ጨርቅ

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገረን» በሉኝ። ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፤ ጆሮው የደከመም ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር የልጆች መጫወቻ ነበረ። ዥዋዥዌ ነበረው፣ ሸርተቴ ነበረው፤ ከሁሉ በላይ ግን ሽክርክሪት ነበረው። በሽክርክሪቱ ላይ ሦስት የእንጨት እንስሳት ተተክለዋል፤ አንዲት ግመል፣ አንድ ሙክት፣ አንድ ዳማ ፈረስ። ሽክርክሪቱ ሞተር የለው፣ መብራት የለው፤ ጋሽ ሽብሩ የሚባል ሰው ነው በደረቱ እየገፋ የሚያዞረው።

ጋሽ ሽብሩ ደንብ ነበረው። በየማለዳው፣ ልጆች ሳይገቡ፣ ሽክርክሪቱን አንድ ባዶ ዙር ያዞረዋል። እያዞረም ይጠይቃል።

«ግመሌ፣ ደህና አደርሽ?»

«ሙክቴ፣ ደህና አደርክ?»

«ዳማዬ፣ ደህና አደርክ?»

ሰው የእንጨትን ቋንቋ አይሰማምና መልሳቸው አጭር ነው። ደህና ያደረ ዝም ይላል፤ የታመመ «ሲጢጥ» ይላል። ሲጢጥ ያለውን ጋሽ ሽብሩ ምሰሶው ላይ ከተንጠለጠለችው ጣሳ ዘይት ያጠጣዋል፤ አንገቱ ላይም ቀይ ጨርቅ ያስርለታል። ቀይ ጨርቅ የታሰረለት ብሎኑ እስኪጠብቅ ድረስ ልጅ አይቀመጥበትም፤ ያርፋል።

ግመሏ ጨርቁን ስንት ጊዜ አስራዋለች፤ ሙክቱም አስሮታል። ዳማው ግን አንድም ቀን አስሮት አያውቅም። ልጆቹ ተጋፍተው የሚሰለፉትም ለእሱ ነው። በዚህ የተነሳ ኩራቱ ልክ አጣ።

«እናንተ በሽተኞች» ይላቸዋል፣ «የእኔ አንገት ጨርቅ የሚባል ነገር አያውቅም።»

እንግዲህ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የዳማው የሆዱ ብሎን ላላ። ሌላ ማንም አላየም፤ እሱ ግን አወቀ። በማግስቱ ጋሽ ሽብሩ እንደ ልማዱ እያዞረ መጣ።

«ዳማዬ፣ ደህና አደርክ?»

ሲጢጥታው ጉሮሮው ድረስ መጣ። ዳማው ግን ወደ በሩ ተመለከተ፤ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ተሰልፈዋል። «በዓመት በዓል ቀን ጨርቅ አስሬ ልቁም? ነገ እናገራለሁ» አለና ሆዱን ነፍቶ፣ ብሎኑን ጨብጦ ዝም አለ።

ግመሏ ከኋላው ነበረች። «ዳማ፣ ሆድህ ተናግቷል መሰለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሲጢጥ በል» አለችው።

«አንቺ በዪ፤ ለምደሽዋል» አላት።

እሷም ዝም አለች።

እኩለ ቀን ላይ ማንጠግቦሽ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ዳማው ላይ ወጣች። አንድ ዙር ዞረች፣ ሁለተኛም ዞረች፤ በሦስተኛው ዙር ብሎኑ ከዳማው አመለጠ። ወደ ጎን ዘመመ፤ ልጅቷም ወደቀች፤ ክንዷም ተሰበረ። ሰው ሁሉ ወደ ልጅቷ ሲሮጥ ዳማው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ማንም ሳያየው ተመልሶ ቀጥ አለ።

በሦስተኛው ቀን የከተማዋ ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው፣ ነገር አዋቂ የሚባሉት አቶ ደምሰው፣ እንዲህ አሉ፤ «ወይ ፈረሱ ታሟል፣ ወይ ሽብሩ አፍጥኖ አዙሯል። ከሁለት አንዱ ነው።»

«አባቶቼ፣ እኔ አላፈጠንኩም» አለ ጋሽ ሽብሩ። «ባዶ ዙር ላዙርና ስሙ። እንስሳቶቼ አይዋሹም፤ ያመማቸው እንደሆነ ይናገራሉ።»

ሽክርክሪቱ ዞረ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና። የጋሽ ሽብሩ ሚስት ወይዘሮ አስካለ አጥሩን ይዛ ቆማለች።

«ዳማዬ፣ ደህና ነህ ወይ?»

ዳማው አስካለን አየ፤ ሽማግሌዎቹን አየ፤ የከተማዋን ሕዝብ አየ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ሞት መሰለው። ብሎኑን ጨበጠና ዝም አለ።

«በል እንግዲህ» አሉ አቶ ደምሰው፣ «አይዋሹም ያልከው አንተው ነህ። ፈረሱ ደህና ነው፤ ያጠፋኸው አንተ ነህ።»

መጫወቻው እንዲዘጋ ተፈረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አስካለ ወፍጮ ቤት ተራ ስትይዝ ሴቶቹ «የልጅ ሰባሪው ሚስት» እያሉ ይጠቋቆሙባት ጀመር።

በመጨረሻው ማለዳ ጋሽ ሽብሩ በሩን ሊቆልፍ መጣ። ሦስቱንም ተሰናበተ። ዳማው ጋ ሲደርስ አንገቱን ዳበሰው።

«አሁን ማንም የለም። ለእኔ ብቻ ንገረኝ» አለው። «እኔ ሳይታወቀኝ አፍጥኜ ነበር እንዴ?»

ሰውየው በራሱ መጠራጠር ጀምሮ ነበር። ዳማውም ይህን ሰማ። «ትናንት ያላልኩትን ዛሬ ብል ምን እባላለሁ?» አለ በልቡ፤ ለሦስተኛ ጊዜም ዝም አለ። ጋሽ ሽብሩ ቀዩን ጨርቅ ኪሱ ከተተና ቆልፎ ሄደ።

ክረምት መጣ፤ በጋ መጣ፤ ደግሞ ክረምት መጣ፤ እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት አለፈ። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ተበጠሰ፣ ሸርተቴውን ፍየሎች ተኙበት፣ የዳማው ቀለም ተላጠ። ልጆቹን የሚያስታውሱት ግመሏና ሙክቱ ነበሩ፤ የማንን ልጅ መቼ እንዳዞሩ እያነሱ ይጫወታሉ። ዳማው ግን ጨዋታው ውስጥ አይገባም ነበር። እሱ ሲያስታውስ የሚመጣበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አፍጥኜ ነበር እንዴ?» እፍረቱ ከዝናቡ ብሶ በላው። ሲጢጥ ልበል ቢል ደግሞ አልሆነም፤ ብሎኑን ዝገት ይዞታል። ያኔ እንቢ ያለ፣ አሁን አቃተው።

አንድ ቀን ቁራ አጥሩ ላይ አረፈ።

«ሰምታችኋል? ቅዳሜ ቆራሌ መጥቶ ለአሮጌ ብረት ይፈታችኋል። ጋሽ ሽብሩም ሊሰናበት ይመጣል አሉ።»

ዳማው ምሰሶው ላይ ያለችውን የዘይት ጣሳ ለመነ። «እሜቴ ጣሳ፣ ጠብታ የቀረሽ እንደሆነ ብሎኔ ላይ አፍስሺልኝ።»

«ለምንህ?»

«ሲጢጥ ልልበት።»

«አንተ? የምን ሲጢጥ ነው? ሁሉም እየሰማ ተናገር።»

ዳማውም ተናገረ። «የዚያን ቀን ብሎኔ ላልቶ ነበር። አውቅ ነበር። ጨርቁን አፍሬ ነው።»

ሙክቱ ፊቱን ማዞር አልቻለም እንጂ ቢችል ኖሮ ያዞርበት ነበር። ግመሏም «እኔም ጠርጥሬ ዝም ብያለሁ» አለች። ጣሳዋም ነፋስ እስኪመጣ ጠበቀችና አፏን ዘንበል አደረገች። የመጨረሻዋ ጠብታ ብሎኑ ላይ አረፈች።

ቅዳሜ ቆራሌው መዶሻውንና ጋሪውን ይዞ መጣ። ሰውም ሊያይ ወጣ። አቶ ደምሰው በከዘራ መጡ። ማንጠግቦሽም መጣች፤ ልብስ ሰፊ ሆናለች፤ ክንዷ ግን እንደ ጎበጠ ቀርቷል። ጋሽ ሽብሩም አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል።

«ወንድሜ፣ ከመፍታትህ በፊት አንድ ባዶ ዙር ላዙራቸው» አለው ቆራሌውን።

ገፋ፤ ጉልበቱ አልደረሰም። ማንጠግቦሽ መጥታ በደህናው ክንዷ አብራው ገፋች።

«ግመሌ፣ ደህና አደርሽ?»

«ሙክቴ፣ ደህና አደርክ?»

«ዳማዬ፣ ደህና አደርክ?»

«ሲጢጥ» አለ ዳማው። የብዙ ዓመት ሲጢጥታ ነበርና ረዘመ። ብሎኑንም ለቀቀው፤ በሰው ሁሉ ፊት ወደ ጎን ዘመመ።

ማንጠግቦሽ ቀጥ ብላ ቆመች። «ልክ እንደዚህ ነው» አለች። «ወደዚሁ ጎን ነው የዘመመብኝ።»

ቆራሌው ተንበርክኮ ጣቱን ከሆዱ ሥር አስገባ። ብረት የሚያውቅ ሰው ነው። «ይሄ የዛሬ አይደለም» አለ። «ቀዳዳው መጀመሪያ ተበልቷል፤ ዝገቱ በላዩ ላይ ነው የመጣው። ሰውየው ቢያፈጥንም ባያፈጥንም ይወድቅ ነበር።»

አቶ ደምሰው መሬት መሬት እያዩ ቀረቡ። «ሽብሩ፣ በድለንሃል። ይቅር በለን» አሉ።

ጋሽ ሽብሩ ወደ ዳማው ሄደ። እጁን ኪሱ ከተተና የነተበውን ቀይ ጨርቅ አወጣ። ዳማው አንገት ላይ አሰረው።

«ምናለ አንተ አስካለ ሳትሞት ብትናገር ኖሮ» አለው።

በከዘራው ተደግፎ ወጥቶ ሄደ።

ጨርቁ እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነበር። ዳማው ያን ሁሉ ዓመት የፈራው እሱን ነበር። ቆራሌው ጋሪው ላይ ጭኖት በወፍጮ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ተራ የያዙት ሴቶች ሁሉ አዩት። ዳማው አንገቱን ሊደፋ ፈለገ፤ የእንጨት አንገት ግን አይደፋም፤ እንደ ቀና ሄደ።

ተረቴ ከጋሪው ጋር ሄደች፤ ለእናንተ የተረፈው ይህ ነው፤ ሲጢጥ ለማለት ያፈረ፣ ጌታውን አሳፈረ።