ሁለት በር ያለው ሳጥን

«ቆይ» አጭር ቃል ናት። ሽማግሌ ለልጅ፣ ዳኛ ለከሳሽ፣ የጠገበ ለተራበ ይላታል። በተገላቢጦሽ ስትባል ብዙም አልተሰማም። ትርጉሟም፦ ያለው ሰው ለሌለው የሚሰጠው፣ ከሰጪው ምንም የማያጎድል ስጦታ ማለት ነው።

በአንድ ወቅት ይህች ቃል እህሏን በጉድጓድ በምታከማች አንዲት ከተማ ሕግ ነበረች። የታሸገ ጉድጓድ ክፉ አየር ያቁራል። ስለዚህ ጠዋት ከተከፈተ ከብቶች ከግጦሽ እስኪመለሱ ድረስ ይተነፍሳል እንጂ ማንም አይወርድበትም። አፉ ጠባብ በመሆኑ የሚወርዱት ጎረምሶችና ኮረዶች ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ መቆየት አይሆንላቸውም። በየዘመኑ አንዱ ይቸኩላል፤ ከዚያ ለቅሶ ይሆናል።

ዝናብ በቀረበት ዓመት ያልተከፈተ ጉድጓድ አንድ ብቻ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ እህሉ እንዲወጣ ምክንያት የሆነው ሰው ቤተሰብ ቀድሞ ይበላል፤ ከእሱ በፊት ማንም አይቀምስም፤ ወደፊትም ወራጆችን የሚመርጠው እሱ ይሆናል።

አለቃ ዘርጋው የተባሉ የተማሩ ሰው ነገሩን በአይጥ መረመሩት። ሁለት በር ያለው ሳጥን ሠሩ። በአንደኛው በር የገባች አይጥ ወዲያው አንዲት ፍሬ ታገኛለች፤ በሌላኛው የታገሠች እፍኝ ሙሉ። ያረጁት አይጦች ታገሡ። ወጣቶቹ ወደ ፍሬዋ ሮጡ። አለቃ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ወጣቷ አይጥ የምትሮጠው እኩዮቿ ሲያዩአት ነው። ብቻዋን ስትሆን ትቆያለች። ደጋግመው ሞከሩት፤ አልተለወጠም።

ገመድ የሚገምደው ማንያዝዋል ሳጥኑን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አለቃ፣ አይጦችዎ ከኔ ልጆች ወፍረዋል» አላቸው።

«የተራበች አይጥ ፈተናውን ታበላሻለች» አሉት።

ከዚያም ወራጇ በጉድጓዱ አፍ ብቻዋን እንድትቀመጥ፣ ማንም እንዳይጠጋት አዘዙ። አስናቁ የምትባል ኮረዳ ተመረጠች። ገመዱ ወገቧ ላይ ታሰረ፤ ሰው ሁሉ ራቀ።

ማንያዝዋል አልራቀም። እሱ ስለ አይጥ የሚያውቀው የለም፤ ጎረምሳ ልጅ ግን አሳድጎ ከጉድጓድ አውጥቶ ቀብሯል። የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ ትእዛዙን አፍርሶ፣ በአቅራቢያው ካለ የድንጋይ ካብ ጀርባ ተጋድሞ ተደበቀ።

አስናቁ እንደ አይጧ ታገሠች። ከጠዋት ጀምሮ ከቤታቸው በኩል የታናሽ እህቷ የረሃብ ልቅሶ ይሰማት ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ልቅሶው ደከመ፤ ቀጥሎ ተቋረጠ። በአለቃ ሳጥን ውስጥ የምታለቅስ እህት አልነበረችም። አስናቁ ትንፋሿን ይዛ ወረደች።

ገመዱ ተወጠረ፤ ረገበ፤ ከዚያ ዝም አለ። ማንያዝዋል ጎተተ። ልጅቷ ስትወጣ ጣቶቿ ከእህል ከረጢቱ አልላቀቅ ብለው ነበር። ነፍሷ ተረፈች፤ አንደበቷ ግን አልተመለሰም። እህቷ በዚያች ከረጢት ዳነች። የቀረው እህል ከብቶች ከገቡ በኋላ ያለ አንዳች ጉዳት ወጣ።

በሸንጎው አለቃ ዘርጋው እንዲህ አሉ፦ «እኩዮቿ ከበዋት ቢሆን ገና በጠዋት፣ አየሩ ገዳይ ሳለ፣ ትወርድ ነበር። ያቆየኋት እኔ ነኝ።»

ማንያዝዋል፣ «ለእርስዎ ብትተው አሁን የምንቆፍረው ሌላ ጉድጓድ ነበር» አለ።

አስናቁ መናገር ስለማትችል እህቷን አቅፋ መጥታ መሀል ላይ ቆመች።

ያቆያት፣ የጎተታት፣ ወይስ ያልቆየችው? ቀድሞ መብላትና የሚቀጥለውን ወራጅ መምረጥ ለማን ይገባል? እናንተው ፍረዱ።

ሽማግሌዎቹ «ቆዩ፣ እንመካከር» ብለው እህሉን ቆለፉበት። ምክሩ ሳያልቅ ከአለቃ ሳጥን ያመለጡት አይጦች ጨረሱት፤ ያረጁትም ጭምር።