ሚስቱን «ማን ነዎት?» ያላት ገበሬ

ይህን የነገረችኝ የወንዝ ማዶዋ እትዬ ዘርትሁን ናት፤ እሷም የሰማችው ከሟች አክስቷ ነው። ትናንት ልብስ ሳሰጣ ጎረቤቴ ስንዱ መጣችና፣ «እትዬ፣ ወንድሜ የማላውቀውን ሥር አኝኮ ‹ዓለሙ ሁሉ ሌላ ሆኖ ታየኝ› እያለ ያለቅሳል። ያየው እውነት ነው ወይስ ሥሩ የፈጠረው?» አለችኝ። እኔም ይህንኑ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ጎተራው ሙሉ ነው፤ ምኞቱ ግን ዳዊት በቃሉ መድገም ነበር። ምን ይሆናል፣ ጠዋት ያጠናው ለምሳ አይደርስም። በአርባ ዓመቱ ደብተራ ዘንድ ሄዶ፣ ለተማሪ ልብ ይከፍታል የሚባለውን አብሾ ለመነ። ደብተራው «ስንቱን አሳብዷል። ብትተርፍም ጠላ የቀመስክ ቀን አለቀልህ» ቢለው አልሰማም፤ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞ ገባ።

ሚስቱ በዚያው ሳምንት ጥላው ልትሄድ ጓዟን ጠቅልላ ነበር። አይመታትም፣ አይሰድባትም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ምሰሶ ነበረች፤ ቤቱን ትይዛለች፣ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ታዲያ አብሾ የጠጣ ሰው ብቻውን አይተውም። ጓዟ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

ጠጣ። ጉሮሮው ደረቀ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ግድግዳውን ያናግር ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ወደ እሷ ዞረና፣

«የኔ እመቤት፣ ማን ነዎት? ከየትስ መጡ?» አላት።

እሷን «እርስዎ» ያላት ሰው ከተወለደች ጀምሮ የለም። ሳቋ መጣ። «ከማዶ የመጣሁ እንግዳ ነኝ» አለችው።

«ታዲያ ምነው አዘኑ? ይሄስ የእጅዎ ጠባሳ ምን ሆነው ነው?»

በተጋቡ በዓመቱ ጋጣው ሲቃጠል በሬውን ፈትታ ስታወጣ ነው። ነገረችው። የሞተችባቸውን ሕፃን ብቻዋን እንዳለቀሰቻትም ነገረችው። እሱ እጇን ይዞ ሰማ።

በሦስተኛው ቀን ልቡ ተመለሰ። እየሮጠ ደብተራው ዘንድ ሄደና፣ «የኔታ፣ ያቺን ሴትዮ መልሰው ያሳዩኝ፤ አንድ ዋንጫ ይጨምሩልኝ» አለ።

«እኔ ያጠጣሁህ የፍሬ ውሃ ነው» አለው ደብተራው፤ «ሴትዮ የለችበትም። እሷ ከቤትህ ነበረች። ‹አውቃታለሁ› የምትለው ግርዶሽ ነው ለአንድ ቀን ከዓይንህ የተነሳልህ። ሁለተኛው ዋንጫ የሚያሳይህ ጅብ ነው። ሂድ!»

ሲመለስ ጓዟን አዝላ ደጃፉን ስትወጣ አገኛት። በደህና ልቡ ከፊቷ ተንበረከከ፣ ጠባሳዋን ይዞ፣

«የኔ እመቤት፣ ማን ነዎት?» አላት።

«ዛሬም አልለቀቀህም?»

«ለቆኛል። በደህና ልቤ ሳልጠይቅዎት መኖሬ ነው የሚያሳፍረኝ።»

እንግዲህ ስንዱዬ፣ የወንድምሽም ነገር ይኸው ነው። ሥሩ ውሸትም ያሳያል፤ ያ ሰው ግድግዳ ሲያናግር አልነበር? ግን የሰው ልብ የለመደው ነገር እንደ ሞራ ዓይኑን ጋርዶት እንደሚኖር ያሳብቃል። ያየው እውነት መሆን አለመሆኑን የምታውቂው ከለቀቀው በኋላ በሚያደርገው ነው። ዳግመኛ እንዳያኝክ። ያየውን ይዞ ደጃፉ ላይ ይንበርከክ።

ሰውየው ዳዊቱን በቃሉ ሳይዝ ሞተ፤ እስኪሞትም በየሰርጉ ውሃ ሲጠጣ ኖረ። ደብተራው ወደ ሌላ ደብር ሄደ። ሚስትየዋ ጓዟን ፈታች፤ ገመዱን የጥጃ ማሰሪያ አደረገችው።