እመት ኤሊ ጎረቤቶቻቸውን ተራራ ያወጡ ጊዜ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። ሁሉም ነገር አፍ በነበረበት፣ ገመድ እንኳ በሚያወራበት በዚያ በድሮው ዘመን፣ አራት እንስሳት በአንድ ሸለቆ ይኖሩ ነበር። እመት ኤሊ፣ ሚዳቋ፣ ጉሬዛና አያ ጃርት። ሰደድ እሳት ከየአገራቸው አባሯቸው የመጡ ናቸው። የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ሰላም ግን አይባባሉም ነበር።

አንድ ቀን የሚዳቋ እግር በሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀረቀረ። ከጠዋት ጀምራ ስትጣራ ዋለች። ጉሬዛ ሰማ፤ ጃርት ይቀርባታል፣ እሱ ይሄድላታል ብሎ ዛፉ ላይ ተቀመጠ። ጃርትም ሰማ፤ ከጉድጓዱ ግን አልወጣም። እመት ኤሊ እንደ ሰሙ ወዲያው ተነሡ፤ የእሳቸው እርምጃ የታወቀ ነውና የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አፈሩን ጭረው ጭረው እግሯን አስለቀቁላት።

በማግስቱ እመት ኤሊ በየቤቱ ዞሩ። ሁላችንም ከሸለቋችን በላይ ያለውን ያን ተራራ ወጥተን እንመለስ አሉ።

«ምን ልናመጣ?» አለ ጃርት።

«ምንም። አብረን ሄደን አብረን እንመጣለን።»

ጃርት ሥራ አለብኝ አለ። ጉሬዛ እኔ ብቻዬን ሮጬ እወጣዋለሁ አለ። ሚዳቋ እግሬን ያመኛል አለች። እመት ኤሊ ግን በየደጃፉ ቁጭ ብለው አልነሣም ስላሉ፣ ሦስቱም እሺ አሉ።

መንገድ ላይ ማር ቆራጭ ዛፍ ላይ ረስቶት የሄደ ገመድ አገኙ። ገመዱም ንፋስ ሲያወዛውዘኝ መኖር ሰለቸኝ፣ እኔንም ውሰዱኝ ብሎ ለመናቸው። ሚዳቋ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ገመዱ ወሬኛ ነበር፤ እስከ ወንዙ ድረስ ስለ ማር እያወራ ሁሉንም አስራባቸው።

ወንዙ ሞልቷል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘሎ ተሻገረና ኑ እንጂ እያለ ተጣራ። ማዶ ብቻውን መቆሙ ግን ደስ አላለውም። ተመልሶ መጣና ገመዱን ከማዶ ማዶ ወጠረው። ሚዳቋ ተደግፋው ተሻገረች። እመት ኤሊ በአፋቸው ነክሰውት ተሻገሩ፤ ገመዱም ቀስ ብለው ይንከሱኝ እያለ ለመናቸው። ጃርት ዳር ቆሞ፣ የዚህ ጉዞ ጥቅሙ ምንድን ነው እያለ ያጉረመርማል። ጉሬዛ ተመልሶ አጠገቡ ቆመና ምን ሆንክ አለው።

«ውሃ እፈራለሁ» አለ ጃርት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጉሬዛ አልሳቀበትም። ገመዱን አስይዞት ፊት ፊቱ እየሄደ አሻገረው፤ ኋላም ገመዱን ፈትቶ ይዞ መጣ።

ከዚያ ገደል ደረሱ። እመት ኤሊ ገደል መውጣት አይችሉም። በገመዱ አሰሯቸውና ሌሎቹ ከላይ ሆነው ሳቡ። መሐል ላይ ሲደርሱ ገመዱ ጮኸ። ድንጋዩ እየበላኝ ነው፣ መበጠሴ ነው አለ። ሁሉም ደነገጡ። ያን ጊዜ ጃርት ሮጦ፣ ከገመዱ ሥር ያለውን ስለታም ድንጋይ በጥፍሩ ቆፍሮ ነቀለና ወደ ጎን ጣለው። እመት ኤሊ በሰላም ወጡ። በዕድሜዬ ከመሬት ይህን ያህል ርቄ አላውቅም፣ ለካ ደስ ይላል ሲሉ ሁሉም ሳቁ።

ከተራራው አናት ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶ መውረድ ጀመረ። ትንሽ ዋሻ አገኙና ሦስቱ ገቡ። ጃርት ውጭ ቀረ። በረዶው ይደበድበዋል።

«ግባ እንጂ» አለች ሚዳቋ።

«እወጋችኋለሁ» አለ ጃርት። «ያን ቀን ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ደርሼ ብወጋሽስ ብዬ ቀረሁ። እኔ የተጠጋሁት ሁሉ ይቆስላል።»

ሚዳቋ ያን ቀን ስትጣራ የዋለችው ትዝ አላት፤ ሆድ ባሳት። ግን በረዶው ሲመታው እያየች ዝም ማለት አልቻለችም።

«ፊትህን ወደ እኛ፣ ጀርባህን ወደ ውጭ አድርገህ ግባ» አለችው።

ጃርት እንዳለችው ገባ። እሾሁ በሩን ዘጋው። በረዶው እሾሁ ላይ እየነጠረ ተመለሰ፤ ንፋሱም መግቢያ አጣ። ውስጡ ሞቀ። ሚዳቋ አፍንጫዋን ወደ ጃርት አፍንጫ አስጠጋች፤ ማንም አልተወጋም። ገመዱም የማሩን ወሬ ካቆመበት ቀጠለ።

በረዶው ሲያባራ ወጥተው ሸለቋቸውን ከላይ አዩት። ትንሽ ነበር። የአንዱ ቤት ከሌላው ቤት ጎን ነው። ጉሬዛ እንዲህ መቀራረባችንን አላውቅም ነበር ብሎ ቁልቁል እያየ ብዙ ቆየ።

ሲመለሱ መንገዱ ወደየቤታቸው ከሚከፈልበት ቦታ ላይ ቆሙ። ቀድሞ መሄድ የፈለገ የለም። በመጨረሻ ጃርት መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ጓዳዬ ውስጥ ሥራ ሥር አለኝ። ብቻዬን አልጨርሰውም።»

ተከትለውት ሄዱ። ምግቡ ቀረበ። ቀድሞ የቀመሰ ግን አልነበረም፤ እመት ኤሊ እስኪደርሱ ጠበቁ።

እናም ልጆች፣ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ቀን መንገድ የወጣ፣ ጎረቤቱ የሚፈራውንም የሚችለውንም ያውቃል። ካወቀው በኋላ ጥሎት አይቀመጥም። ተረቴን እዚህ ላይ አሳረፍኳት፤ እናንተንም ደግ ጎረቤት አያሳጣችሁ።