የልጁ ጎድጓዳ

ተረት ተረት፤ ዛሬስ ከላም በረት ወጥተን ባሕር እንግባ።

ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር፣ ቆብ የመሰለ ዛጎል የደፋ ቀንድ አውጣ ኮራል በሚባል ዛፍ መሰል የባሕር እንስሳ ቅርንጫፍ ላይ ይኖር ነበር። አጠገቡ ልጁ ተጣብቆ ያደገባት ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ልጁ ከሞተ ወዲህ ምንም እንዳይበቅልባት በየቀኑ ይፍቃታል።

አንድ ቀን ጥያቄ የማያልቅባት ጨቅላ ኮራል መጣች። የምትጣበቅበት ካላገኘች ውሃው ሊወስዳት ነው።

«አባባ፣ ይቺ ጎድጓዳ የማን ናት?»

«የልጄ።»

«መቼ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚያጸዷት?»

 ቀንድ አውጣው ውሃው ሲያነሳት አየና «ግቢ» አላት።

አሁን ቅርንጫፍ አውጥታለች። ጥያቄዋ ግን አላለቀም። «ልጅዎ ምን ይወድ ነበር?» ትለዋለች። እሱም ዙሪያዋን እየፋቀ ይነግራታል።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅር።