ወተቱን ማን ያዘው?

ይህ ተረት አጭር ነው፤ የሚረዝመው ስለሚደጋገም ብቻ ነው። እየሰማ ያንቀላፋ ሰው አይወቀስም። በተረቱ ውስጥም የሚያንቀላፉ አሉ።

የተወለደች ሦስት ቀን የሆናት አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። ክርስትና ስላልተነሳች ስም አልወጣላትም። ወርቅ አላማራትም፣ ርስት አላማራትም። የፈለገችው ወተት ነበር።

እናቷ ስንዱ ከመጋረጃው ጀርባ አራስ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች። የባሏ አክስት እትዬ ጌጤ አራሷን ሊንከባከቡ ከገጠር መጥተዋል። አሥራ አንድ ልጅ አሳድገዋል፤ አሥራ አንድ ልጅ ላሳደገ ሰው ምክር መስጠት ደግሞ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ቢጫው እንገር ሲወጣ፣ "ይህማ ዘጠኝ ወር የከረመ ነው፤ ሆዷን ያሳምማታል" ብለው አስደፉት። ሕፃኗን ቅቤ አላሷት። ከዚያም ስኳር በጥብጠው በማንኪያ አጠጧት። ሕፃኗ በስኳሩ ተታልላ ትተኛለች፣ ስትነቃ ታለቅሳለች። ባለቀሰች ቁጥር እትዬ ጌጤ እንደታቀፏት ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዱና በመጋረጃው በኩል ይጠይቃሉ።

"ስንዱ፣ ወረደ?"

"አልወረደም፣ እትዬ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም።"

"እንግዲህ ባልሽ በላቸው የጣሳ ወተት ሊገዛ ሄዷል። እስኪመለስ ካልወረደ ጣሳው ያሳድጋታል።"

ስንዱ ፈራች። የመጀመሪያ ልጇ ናት፤ በገዛ ጡቷ ልታሳድጋት ዘጠኝ ወር ሙሉ ስታስብ ኖራለች። ጡቷ ግን ተወጥሮ ድንጋይ ሆኗል፤ ጠብታ አይወጣውም። የከሰዓቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር። ስንዱ ዓይኗ ከደን አለ፤ ነጠላዋን እንደተከናነበች ወደ ገዛ ገላዋ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ ያገኘችው ወተትን ነው። በጡቷ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

"ወተት፣ ወተት፣ ውጣልኝ፤ ልጄ አልጠጣችም።"

"ዝግጁ ነኝ፣ እመቤቴ" አለ ወተት። "ግን እግር የለኝም። ጡንቻ ካልጨመቀኝ አልወጣም።"

ጡንቻ በየክፍሉ ዙሪያ እንደ መረብ ተጠምጥሟል።

"ጡንቻ፣ ጡንቻ፣ ጭመቅልኝ፤ ወተት አይወጣም፣ ልጄ አልጠጣችም።"

"ያለ መልእክት አልጨምቅም። ኦክሲቶሲን መጥቶ ካልነካኝ ንቅንቅ የለም።"

ስንዱ በደሟ ላይ እንደ ታንኳ ተንሳፈፈች። ቀዩ ወንዝ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ አንጎሏ ሥር ወሰዳት። ኦክሲቶሲን የተባለው መልእክተኛ ጫማውን አድርጎ፣ ከተቆለፈ ግምጃ ቤት ውስጥ በመስኮት ያያል።

"ኦክሲቶሲን፣ ኦክሲቶሲን፣ ሂድልኝ፤ ጡንቻ አይጨምቅም፣ ወተት አይወጣም፣ ልጄ አልጠጣችም።"

"በምን በር? ፒቱታሪ ካልከፈተችልኝ አልሄድም።"

ፒቱታሪ ሽምብራ የምታክል እጢ ናት። ሽምብራ ማከሏ ትልቅ ቁልፍ ከመያዝ አላገዳትም።

"ፒቱታሪ፣ ፒቱታሪ፣ ክፈችልኝ፤ ኦክሲቶሲን አይሄድም፣ ጡንቻ አይጨምቅም፣ ወተት አይወጣም፣ ልጄ አልጠጣችም።"

"እኔ የማስቀምጥ እንጂ የማዝ አይደለሁም" አለች ፒቱታሪ። "ከበላዬ ሃይፖታላመስ አለ። እሱ ካላዘዘኝ አልከፍትም።"

ሃይፖታላመስ ከፎቅ የተቀመጠ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። የገላዋን ሙቀት ይለካል፣ ጥማቷን ያዳምጣል፣ በዛ ሲሉት ቀንስ፣ አነሰ ሲሉት ጨምር እያለ ይውላል።

"ሃይፖታላመስ፣ ሃይፖታላመስ፣ እዘዝልኝ፤ ፒቱታሪ አትከፍትም፣ ኦክሲቶሲን አይሄድም፣ ጡንቻ አይጨምቅም፣ ወተት አይወጣም፣ ልጄ አልጠጣችም።"

"ያንን አትሰሚውም?" አለ ሽማግሌው። "'እሳት! እሳት!' እያለ ቤቱን የሚዞረውን? እሳት በተነሳበት ቤት ወተት አይቀዳም። አድሬናሊን ካልተቀመጠ አላዝም።"

አድሬናሊን እያለከለከ ሲያልፍ ስንዱ ክንዱን ያዘችው።

"አድሬናሊን፣ አድሬናሊን፣ ተቀመጥልኝ፤ ሃይፖታላመስ አያዝም፣ ፒቱታሪ አትከፍትም፣ ኦክሲቶሲን አይሄድም፣ ጡንቻ አይጨምቅም፣ ወተት አይወጣም፣ ልጄ አልጠጣችም።"

"ወድጄ መሰለሽ? ቤቴ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፋችው እጢ ናት፤ እዚያ አርፌ ነበር። ፍርሃት ነው የጠራኝ። ፍርሃት ካልተኛ አልቀመጥም።"

ፍርሃት ደረቷ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ከጋቢው የወጡት ጆሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ትልልቅ ናቸው።

"ፍርሃት፣ ፍርሃት፣ ተኛልኝ፤ አድሬናሊን አይቀመጥም፣ ሃይፖታላመስ አያዝም፣ ፒቱታሪ አትከፍትም፣ ኦክሲቶሲን አይሄድም፣ ጡንቻ አይጨምቅም፣ ወተት አይወጣም፣ ልጄ አልጠጣችም።"

"'ወረደ?' ባሉኝ ቁጥር እየባነንኩ እንዴት ልተኛ? እትዬ ጌጤ ዝም ካላሉ አልተኛም።"

እትዬ ጌጤ በሕልሙ ውስጥ ዋርካ አክለው ቆመዋል። ስንዱ አንገቷን ሰብራ ለመነች።

"እትዬ፣ እትዬ፣ ዝም ይበሉልኝ፤ ፍርሃት አይተኛም፣ አድሬናሊን አይቀመጥም፣ ሃይፖታላመስ አያዝም፣ ፒቱታሪ አትከፍትም፣ ኦክሲቶሲን አይሄድም፣ ጡንቻ አይጨምቅም፣ ወተት አይወጣም፣ ልጄ አልጠጣችም።"

"አሥራ አንድ ልጅ ዝም ብዬ ያሳደግሁ መሰለሽ?" አሉ እትዬ ጌጤ ከላይ። "ልጅሽ ዝም ካላለች ዝም አልልም።"

የቀረችው ልጇ ናት። በዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልላ ታለቅሳለች።

"ልጄ፣ ልጄ፣ ዝም በይልኝ፤ እትዬ ዝም አይሉም፣ ፍርሃት አይተኛም፣ አድሬናሊን አይቀመጥም፣ ሃይፖታላመስ አያዝም፣ ፒቱታሪ አትከፍትም፣ ኦክሲቶሲን አይሄድም፣ ጡንቻ አይጨምቅም፣ ወተት አይወጣም፣ አንቺም አልጠጣሽም።"

"ወተት ካልጠጣሁ ዝም አልልም" አለች ሕፃኗ።

ስንዱ ዞራ ዞራ ከተነሳችበት ደረሰች። እዚያው ቁጭ አለች።

"ታዲያ ማን ይጀምር?"

"እኔን እስካሁን ማን ጠየቀኝ?" አለች ሕፃኗ፤ ለሦስት ቀን ልጅ አነጋገሯ የተረጋጋ ነበር። "ቅቤ ሰጡኝ፤ ስኳር ሰጡኝ፤ አንቺን አልሰጡኝም። ሽማግሌው ሃይፖታላመስ ሁለት ደወል አለው። የአንዱ ገመድ ፍርሃት እጅ ነው። የሌላው እኔ አፍ ውስጥ ነው። ካላስጠጋሽኝ በምን ልጎትተው?"

ስንዱ ዓይኗን ገለጠች። ዝናቡ ሳስቷል። ሳሎን ውስጥ እትዬ ጌጤ ወንበራቸው ላይ አንቀላፍተዋል። የስኳሩ ኩባያ ከጉልበታቸው ተንሸራትቶ ምንጣፉን አርሷል። ማንኪያው ግን እጃቸው ላይ ነው። ሕፃኗ እቅፋቸው ውስጥ ጣቷን እየፈለገች ታለቃቅሳለች።

አራስ በራሷ ፈቃድ ከመጋረጃው አትወጣም ይላሉ። ስንዱ ወጣች። ልጇን ቀስ ብላ ከአክስቲቱ ክንድ ፈልቅቃ ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመለሰች፤ መጠቅለያዋን ፈታ፣ የራሷን ቀሚስ ከፍታ፣ ገላዋን ከገላዋ አስጠጋች። ሕፃኗ በአፍንጫዋ አሸተተች፣ ፈለገች፣ ያዘች። ጎተተች፤ ምንም የለም። ደግማ ጎተተች። 

በሦስተኛው ደወሉ ተሰማ።

ሕፃኗ ዝም አለች። እትዬ ጌጤ ዝም እንዳሉ ነበሩ። ፍርሃት ጆሮዎቹን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ተኛ። አድሬናሊን ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ሃይፖታላመስ አዘዘ። ፒቱታሪ ከፈተች። ኦክሲቶሲን ሄደ። ጡንቻ ጨመቀ። ወተት ወጣ። ልጇ ጠጣች። ማንም ያልጠየቀው ሌላኛው ጡት እንኳ ቀሚሷን አረሰው።

በዚህ መሀል በላቸው ውሃ የነከሩት ጨርቅ መስሎ፣ ጣሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። በሩ ጓ ሲል እትዬ ጌጤ ባነኑ። ባዶ እቅፋቸውን አዩ፣ ማንኪያቸውን አዩ፣ መጋረጃውን ገለጡ።

"ወረደ?"

"ወርዷል፣ እትዬ" አለች ስንዱ በለሆሳስ። "ግን ደግመው አይጠይቁት። ወተቱ ይሰማል።"

እትዬ ጌጤ በሕፃኗ አገጭ ላይ የተንጠለጠለችውን ነጭ ጠብታ ቆመው አዩ። ከዚያ ማንኪያውን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ፤ ወደ በላቸው ዞረው፣ አሥራ አንድ ልጅ ሲያሳድጉ ተጠቅመውበት በማያውቁት ሹክሹክታ፣

"አንተ፣ ጣሳውን ወደ ውጭ አውጣው" አሉት። "እንዳያየው።"