የሆድ ዘበኛ

ተረት ተረት! የላም በረት አትበሉኝ፣ የዛሬው የሆድ በረት ነው።

ሆድ በሩን የሚጠብቅለት ታማኝ ውሻ ነበረው። አንድ ቀን ጊንጥ በዳቦ ውስጥ ተደብቆ ገባ። ውሻው ታግሎ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ግን ዳቦ በገባ ቁጥር ያንን ጊንጥ እያሰበ ይናከሳል፤ ጥርሱ የሚያርፈው ደግሞ በጌታው በሆድ ላይ ነው።

ሆድ ቢጨንቀው አዋቂ ነኝ ባይዋን ጦጣ አስጠራ። ጦጣ ዙሪያውን አየችና፣ “አጥርህ አልፈረሰ፣ ሌባ አልገባ። ምንም የለብህም፤ ሐሳብ አታብዛ” አለችው።

“ታዲያ የሚቦጫጭቀኝ ማን ነው?”

ጦጣ ውሻውን ደባበሰችው። “ይህን የመሰለ ጠባቂ እያለህ!” ብላ ሄደች።

ውሻውም ጅራቱን እየቆላ፣ “አይዞህ ጌታዬ፣ እኔ አለሁልህ” አለው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱ። የኔም ሆድ ውሻ አለው።