ውታፉን የበላው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሞተር ብስክሌት መንዳት በጀመሩ ሰሞን፣ አያ አንበሳ የቆላውንና የደጋውን መልእክት የምታመላልስ አንዲት ሞተር ገዛ። ነጂ ሲፈለግ አያ ጅቦ ማንንም ሳያስፈቅድ ኮርቻው ላይ ተቀመጠና ነጂ ሆነ። የመልእክቱን ጆንያ የሚይዝ ሲፈለግ ደግሞ የሁሉም ዓይን እመት አህያ ላይ አረፈ። መቼም ጭነት ሲነሳ ሌላ እንስሳ ትዝ ብሎት የሚያውቅ የለም።

«ከጅብ ኋላ ልቀመጥ? ጌታዬ፣ እየቀለዱ ነው አይደል?» አለች እመት አህያ።

አንበሳ አልቀለደም። ይልቅስ ሕግ አወጣ። አድኖ በቀናው ቀን ለጅብ የሥጋ ድርሻ ያወጣለታል፤ ጅብም ድርሻውን እስካገኘ ድረስ አህያን አይነካም። ድርሻውን የሚያድለው ቀበሮ ነው። ሞተሯ በአንበሳ በር ስታልፍ ቀበሮ «ሥጋ!» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ ጅብ ሰምቶ ካልቆመ ድርሻው ለጠሪው ይሆናል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ሕጉ ውስጥ ማን እንደሸጎጣት መናገር አያስፈልግም።

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። እመት አህያ ባልም አልነበራት። ከጅብ የሚያስጥላት የራሱ የጅቡ ጆሮ ብቻ ነበር።

በሜዳው መንገድ ላይ የሞተሯ ድምፅ እንኳ ይቻላል፤ የማይቻለው ነፋሱ ነው። በሦስተኛው ቀን የእመት አህያ ረጃጅም ጆሮዎች ከሞተር ወርዳም ሲጮኹባት ዋሉ። ስለዚህ ሄልሜት እየሠራ ወደሚሸጠው ወደ አባ ኤሊ ሄደች። አባ ኤሊ ሄልሜቱን ለብሶ የተወለደ ነውና የሚናገረውን ያውቃል።

«ጆሮ የሚበላው ነፋሱ ነው፣ ልጄ» አላት። «ሄልሜትሽ ልክክ ይበል። የፊቱን መስታወት ዝጊ። ከአገጭሽ ሥር ነፋስ የሚገባበትን በሻርፕ ጠቅልዪው። ጆሮሽን ደግሞ በውታፍ ወትፊ።»

«ጆሮዬን ከደፈንኩማ ምን እሰማለሁ?»

«ያኔ ነው የምትሰሚው! ውታፉ የነፋሱን ጩኸት ያበርደዋል እንጂ ክላክስና ጥሪ አያስቀርብሽም። ነፋስ የበላው ጆሮ ግን ፀጉር አይደለም፣ ተመልሶ አይበቅልም።»

እመት አህያ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። በማግስቱ ነፋሱ ከሩቅ እንደሚፈስ ውኃ ሆነላት፤ የእረኛ ፉጨት እንኳ ለይታ ሰማች። ደስ ሲላት ለጅብም ከሰምና ከጥጥ የተሠራ ውታፍ አመጣችለት።

አያ ጅቦ አሸተተው። «ምንድን ነው?»

«የጆሮ ውታፍ ነው። ለስለስ አድርገህ...»

ዋጠው።

«በጆሮ ነው የምልህ! በጆሮ!»

«ጨው ያንሰዋል» አለ ጅብ።

የበግ ለምድ ሻርፕ ብታመጣለት እሱንም በላው። ይባስ ብሎ አንድ ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቃት የሄልሜቱን የውስጥ ቆዳ ዘንጥሎ ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ ሄልሜቱ ሰፋውና ነፋሱ እንደ ባዶ ቅል ያፏጭበት ጀመር። የቀረው መስታወቱ ብቻ ነበር፤ እሱንም ልሶ ነው የተወው።

«እንግዲያው መስታወቱን እንኳ ዝጋ!» ትለዋለች በየቀኑ።

«ከዘጋሁትማ የሚጠበሰው በምን ይሸተኛል?» ይላታል። እሷ ትመክራለች፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ምነው ምክሩን ትቶ ጆሮውን ዳባ ባለበሰው!

ሁለት ወር ሳይሞላ አያ ጅቦ በአንበሳ በር ሞተሯን አቁሞ «ጆሮዬ ጭው ይላል» አለ።

«ነፋሱ ነው! አላልኩህም?» ብላ እመት አህያ ስትጀምር ቀበሮ ቀደማት።

«ጆሮ ጭው የሚለው ስም ሲነሳ ነው፣ አያ ጅቦ። ቀኙ ነው ግራው?»

«ሁለቱም።»

«እልል በል! ቆላውም ደጋውም አንተን ያወድሳል ማለት ነው!»

ጅብ ደረቱን ነፋ። እመት አህያ ከሞተር ወርዳ ቀበሮን ወደ ጥግ ሳበችው። «አንተ፣ ፈጣሪን አትፈራም? ጆሮው እየሞተ ነው እኮ! ሲደነቁር የምበላው እኔ ነኝ!»

«እኔ ምን አልኩ? ደስ ይበለው ብዬ ነው» አለ ቀበሮ። ዓይኑ ግን የጅብ ድርሻ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ላይ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የጅብን መደንቆር አገር ሁሉ ሲያውቅ እሱ ብቻ አላወቀም። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «የት ታረደ?» ይላል። አንድ ቀን አቧራ ሲያስቸግራቸው እመት አህያ «ዝጋ!» ብላ ጮኸች። ጅብ «ሥጋ!» ያለች መሰለውና ፍሬኑን ቀጥ አድርጎ ያዘው። ጆንያው በአናቱ ላይ ሲያልፍ እመት አህያ ጆንያውን ተከትላ ቦይ ውስጥ ገባች።

«የታል ሥጋው?» አለ ጅብ ግራ ቀኝ እያየ።

«ዝጋ ነው ያልኩህ!» አለች ጭቃዋን እየጠረገች። «ዝ! ዝ! ዝጋ!»

«ዝንብ? ዝንብ ካለማ ሥጋው ቅርብ ነው!»

ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እንዲህ ያለውን ምን ያደርጉታል? በሳምንቱ በዚያው «ዝጋ!» እንደገና ወደቁ። በሦስተኛው መውደቅ ግን የአያ ጅቦ አንድ ጥርስ ተሰበረ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነውና፣ ጥርሱን በእጁ ይዞ ማለ፦ «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጩኸት በሰማሁ ቁጥር፣ ሳልጠይቅ መስታወቱን እዘጋለሁ!»

እመት አህያ ተመስገን አለች። ምነው ባላለች!

ከዚያ ወዲህ አንበሳ ሳይቀናው አሥራ አንድ ቀን ሆነው። አያ ጅቦ መንገዱን ትቶ በስፖኪዮው እመት አህያን ማየት አበዛ። «ወፍረሻል» አላት አንድ ጊዜ። እሷንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አላት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ አንበሳ በር ሲቃረቡ፣ እመት አህያ መንጠቆው ላይ አንድ ሙሉ ታፋ ተንጠልጥሎ አየች። ጅብ አላየውም፤ ዓይኑ ስፖኪዮው ላይ ነው፣ አፍንጫውንም የመንገድ አቧራ ደፍኖታል። ቀበሮ ከበሩ ብቅ አለ።

«ሥጋ!»

እመት አህያ በውታፏ ውስጥ አጥርታ ሰማችው። አያ ጅቦም ነፋሱ ባስተረፈለት ቁራጭ ጆሮ አንዳች ነገር ሰማ።

«ገባኝ፣ ገባኝ!» አለና መስታወቱን ቀጭ አድርጎ ዘጋው።

«አያ ጅቦ፣ ሥጋ ነው! እውነተኛው ሥጋ ነው!»

«ዘጋሁ እኮ!»

«ሥጋ!» አለ ቀበሮ ለሁለተኛ ጊዜ። ጅብ መስታወቱን በመዳፉ ጫን አደረገው። እመት አህያ በሁለት እጇ ጀርባውን ደበደበችው። «ቁም! ስለ ነፍሴ ብለህ ቁም!»

«ምን ትነዘንዢኛለሽ? ከዚህ በላይ ምኑን ልዝጋው?»

«ሥጋ» አለ ቀበሮ ለሦስተኛ ጊዜ፣ በሹክሹክታ። ሞተሯ በሩን አለፈች። እመት አህያ ዘወር ብላ ስታይ ታፋው ከመንጠቆው ወርዷል።

ድርሻው ከሄደ ሕጉም ሄደ። ስፖኪዮው ውስጥ ያሉት ዓይኖችም አሁን ወደ መንገዱ መመለሱን ጨርሰው ትተውታል። ዳገቱ ላይ ሞተሯ አዝግማ እያቃሰተች ስትወጣ፣ እመት አህያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጮክ ብላ ተናገረች።

«አያ ጅቦ፣ እኔ ወረድኩ!»

«እሺ፣ ዘጋሁ አልኩሽ!»

ወረደች። ጆንያውን በቦታዋ አስደግፋ፣ ቁልቁል እግሬ አውጪኝ አለች። ኮቴዋ ድንጋዩን ሲያንኳኳ አገር ይሰማል፤ አያ ጅቦ ግን ሞተሯን እየነዳ ዳገቱን ተሻገረ።

ከአንድ ዋርካ ጥላ ሥር አቆመ። ሄልሜቱን አወለቀ፣ ምራቁን ዋጠ። «እመት አህያ፣ አትቀየሚኝ። ርቦኛል» አለና አፉን ከፍቶ ዘወር አለ። የቀሩት ጥርሶቹ ሁሉ ጆንያው ላይ ተከደኑ። አፉን ደብዳቤ ብቻ ሞላው።

ዋርካው ሥር ወረቀት እያላመጠ ተቀመጠ። ጆሮው ጭው አለ።

«ስሜ እየተነሳ ነው» አለ አያ ጅቦ።

ያን ቀን እንኳ እውነቱን ነበር። በአንበሳ በር ቀበሮ በየጉርሻው መካከል ስሙን እያነሳ ይስቅበታል፤ እመት አህያም ቁልቁለቱን እየበረረች ስሙን እያነሳች ትረግመዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጆሮውን ከነፋስ በጊዜው ያልደፈነ፣ የእንጀራው ጥሪ ሲመጣ ተደፍኖ እንደሚያገኘው ነው።